ተጋባዥ አርቲስት ለልጆቻችን፦ ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ክረምት ወይስ ለዓመት?

«አንድ ጥሩ ልጅ አግኝተናል፤ ክራር ይጫወታል፤ በነፃ እመጣላችኋለሁ ብሎናል። ምን እናድርገው?»

እንዲህ ያለ ስልክ በየዓመቱ ትምህርት እንደተከፈተ ይደወልልኛል። የሚደውሉት ርእሰ መምህራን፣ የወጣት ማዕከል ኃላፊዎች፣ የዕድርና የሰፈር በጎ አድራጎት አስተባባሪዎች፣ አንዳንዴም ከውጭ አገር ለእረፍት የመጡ ወገኖች ናቸው። የሚያስቡላቸው ልጆች ግን ይመሳሰላሉ፦ ጠዋት ጫማ ጠርገው ከሰዓት ፈረቃ የሚገቡ፣ ከክፍለ ሀገር ዘመድ ቤት ተልከው የቤት ሥራው ሲበዛባቸው የጠፉ፣ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ ደጋግመው የወደቁ፣ ጎዳና አድረው ማስቲሽ የለመዱ። በየስብሰባው «ለአደጋ የተጋለጡ ወጣቶች» እንላቸዋለን፤ ሰፈር ውስጥ ግን በስም የምናውቃቸው የጎረቤት ልጆች ናቸው።

እኔ በአዲስ አበባ አርቲስቶችን ከእነዚህ ልጆች ጋር የማገናኘት ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ቀን እይዛለሁ፣ አዳራሽ አስከፍታለሁ፣ ከመምህራን ጋር እከራከራለሁ። ይህን የምጽፈው ለሚደውሉልኝ ሰዎች ነው፤ በስልክ ከምነግራቸው ረጋ ብዬ አማራጮቹን ጎን ለጎን ላስቀምጥላቸው ብዬ።

ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ሙዚቃ ይሻላል ወይስ ሥዕል?» ብለው ነው። እኔ መልሼ «ሰውየው ተመልሶ የሚመጣው መቼ ነው?» እላቸዋለሁ። እነዚህ ልጆች «ነገ እመጣለሁ» የሚል ትልቅ ሰው ብዙ አይተዋል። አባት ለሥራ ብሎ ወጥቶ ቀርቷል። አክስት «ለጥምቀት ወደ እናትሽ እልክሻለሁ» ብላ ሁለት ጥምቀት አልፏል። ደብተር አድሎ ፎቶ ያነሳ ድርጅት በጀቱ ሲያልቅ ጠፍቷል። ስለዚህ አዲስ ሰው በር ላይ ሲቆም ልጁ ከችሎታው በፊት የሚለካው መመለሱን ነው። ሁለተኛው ሳምንት ላይ፣ በተባለው ቀንና ሰዓት አርቲስቱ ሲገባ ያየ ልጅ ፊቱ ይለወጣል፤ ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁና አልጠራጠርም። ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች ሁሉ የምመዝነው በዚህ ነው።

ምን መጠበቅ ይገባል?

አርቲስት ጠርታችሁ በሴሚስተሩ መጨረሻ የሒሳብ ውጤት ከፍ ይላል ብላችሁ ለበጀት ሰጪ አትጻፉ። በአሜሪካ ሂዩስተን ከተማ 42 ትምህርት ቤቶች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ለአንደኛው ወገን የአርቲስት ጉብኝት፣ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚቆይ ባለሙያ፣ ወደ ቲያትርና ሙዚየም የሚደረግ ጉዞ ተጨመረለት። ጥናቱ 10,548 ተማሪዎችን የያዘ ነበር፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት የዲሲፕሊን ጥፋት በ3.6 የመቶኛ ነጥብ መቀነሱን፣ የጽሑፍ ፈተና ውጤት መሻሻሉንና ልጆቹ ለሌላው ሰው ማዘናቸው መጨመሩን አሳየ። ሒሳብ ላይ ግን እንዲህ ያለ ለውጥ አልተገኘም። እኔ በትንሽ ሰፈር ያየሁት ከዚህ ጋር ይገጥማል። መጀመሪያ የሚለወጠው መገኘት ነው፤ የሚቀር ልጅ መቅረት ይቀንሳል። ቀጥሎ መናገር ይመጣል፤ ከዚያ መጻፍ። ለሒሳቡ የሒሳብ መምህር ያስፈልጋል፤ የአርቲስቱ ድርሻ ልጁ በዚያ መምህር ፊት መቀመጡን እንዲቀጥል ማድረግ ነው፤ እሱም ትንሽ ነገር አይደለም።

የአንድ ቀን ጉብኝት

ይህ በጣም የተለመደው ነው፤ ለአዘጋጁ ቀላል፣ ለልጁ ግን ከሁሉ ቀጭኑ። ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ ተማሪው በሰልፍ እንደቆመ እንግዳው ማይክ ይይዛል፤ «እኔም እንደናንተ ችግር አይቻለሁ፤ ተምራችሁ ትልቅ ቦታ ድረሱ» ይላል፤ ጭብጨባ፣ ፎቶ፣ ለስላሳ። የተማሪው ግማሽ አልሰማም፤ ከኋላ ያለው አላየም።

የአንድ ቀኑን ጨርሶ ግን አልጥለውም። ሚኒ ሚዲያ ክበብ ያላችሁ ከሆነ እንግዳውን ለንግግር ሳይሆን ለቃለ መጠይቅ ጥሩት። ልጆቹ ሳምንት ሙሉ ጥያቄ ይጻፉ፣ ይከራከሩበት፣ የተደጋገመውን ይሰርዙ። ይህ ዝግጅት ከጉብኝቱ የሚበልጥ ትምህርት ነው። እንግዳውም ያለቀ ዘፈኑን ብቻ አያሰማ፤ ገና የሚቸግረውን፣ ሃያ ጊዜ የሚደጋግመውን ቦታ ያሳያቸው። አዋቂ ሰው ሲሳሳትና ደግሞ ሲሞክር ማየት ለእነዚህ ልጆች ብርቅ ነው።

ሌላው መንገድ ቀኑን ሁለት ማድረግ ነው፦ አንድ ቀን እሱ ይምጣ፣ ሌላ ቀን ልጆቹ እሱ ወደሚሠራበት ይሂዱ። ልምምድ ላይ ያለ ቲያትር ቤት፣ ቀለም የተረጨበት የሠዓሊ ክፍል፣ የሙዚቀኞች መለማመጃ። ጥበብ በየዕለቱ የሚሠራ ሥራ መሆኑን በዓይናቸው ያያሉ። የታክሲ ወጪው ካልተገኘ የመጀመሪያውም ቀን ባይደረግ እመርጣለሁ።

የአንድ ክረምት ፕሮጀክት

ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ለብዙ ልጅ አደገኛው ጊዜም ይኸው ነው። ዝናቡ ጎዳናውን ያከብደዋል፣ ቤት ውስጥም ጠብ ይበዛል። በእነዚህ ሳምንታት በየቀኑ እየተለማመዱ መጨረሻ ላይ መድረክ የሚወጡበት ፕሮጀክት ትልቅ ጉልበት አለው። አዲስ አበባ ለዚህ በዓለም የሚጠቀስ ምሳሌ አላት። በ1996 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው የዳንስ ባለሙያ ሮይስተን ማልዱም ከመቶ በላይ ጎዳና ላይ የሚኖሩና የሚሠሩ ልጆችን ይዞ ትልቅ የመድረክ ዳንስ አዘጋጀ። መድረኩ ካበቃ በኋላ ሥራው አልተበተነም፤ 18 ልጆች ተመርጠው ለ5 ዓመት የሚቆይ ሥልጠና ጀመሩ፤ አዱኛ የማኅበረሰብ የዳንስ ቲያትር የተባለው ቡድን የተወለደው ከዚያ ነው። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ጁናይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 እ.ኤ.አ. የእጅ ሰዓት አምራቹ ሮሌክስ በሚደግፈው የአማካሪና የተማሪ ፕሮግራም ተመርጦ ከጃፓናዊው የዳንስ ባለሙያ ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ጋር ሠርቷል። ማልዱምም በኋላ፣ በ2003 እ.ኤ.አ.፣ በርሊን ውስጥ ከከተማዋ ታላቅ የሙዚቃ ጓድ ጋር 250 የሚሆኑ ልጆችን ይዞ ተመሳሳይ ሥራ ሠርቷል።

ይህን ታሪክ የሚሰማ ሰው ሁሉ መድረኩን ያስታውሳል። እኔ የምጨነቀው ስለ ማግስቱ ነው። ልጁ ለሳምንታት ጠዋት ተነስቶ የሚሄድበት ነበረው፣ ቁርስ ነበረው፣ ስሙን የሚጠራው ሰው ነበረው፤ በመጨረሻው ምሽት አዳራሽ ሙሉ ሰው ቆሞ አጨበጨበለት። ሰኞ ጠዋት በሩ ተቆልፏል። ይህ ባዶነት ከመጀመሪያው የባሰ ሊሆን ይችላል። አንድ ክረምት እኔ ራሴ ያገዝኩት ዝግጅት እንዲህ አልቆ፣ ልጆች ለሁለት ሳምንት በየጠዋቱ እየመጡ የተቆለፈ አዳራሽ ደጃፍ ላይ ሲቀመጡ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ የመጨረሻውን ትርኢት በነሐሴ መጨረሻ አላደርግም። ትርኢቱ ከመደረጉ በፊት መስከረም ውስጥ የሚቀጥል ቢያንስ የሳምንት አንድ ቀን መርሐ ግብር ቀንና ኃላፊ ተጽፎለት በግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት።

የአዱኛ ታሪክ ሌላም ጥያቄ ያስነሳል። ከመቶ በላይ ሆነው ተጀምሮ ለረጅሙ ሥልጠና የተመረጡት 18 ናቸው። ምርጫ ስሕተት ነው አልልም፤ ዳንሰኛ የሚሆነው ሁሉም አይደለም። እናንተ ስታቅዱ ግን ላልተመረጡት ልጆች ምን እንዳዘጋጃችሁ ከምርጫው ቀን በፊት እወቁ፦ የማስጠናት ክፍል፣ ወደ ትምህርት ቤት መመለሻ ድጋፍ፣ የእጅ ሙያ። ምርጫውን ከነገራችኋቸው በኋላ ማሰብ ከጀመራችሁ ዘግይታችኋል።

በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአንድ ሴሚስተር

ገንዘቡ ትንሽ፣ ልጆቹ ገና ትምህርት ቤት ውስጥ ያሉ ከሆነ የእኔ ምርጫ ይኸኛው ነው። አርቲስቱ 12 ሳምንት በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ይመጣል። ብዙ አይመስልም። ነገር ግን 12 ጊዜ «እመጣለሁ» ብሎ 12 ጊዜ የመጣ ሰው ለአንዳንድ ልጅ የመጀመሪያው ነው።

አስቸጋሪው ክፍል መምህሩ ነው። ብዙ ጊዜ አርቲስቱ ክፍል ሲገባ መምህሩ «እፎይ» ብሎ ወደ መምህራን ማረፊያ ይሄዳል፤ ስድሳ ልጅ የሚያስተምር ሰው ቢደክመው አልፈርድበትም። ነገር ግን እሱ ከሌለ የተሠራው ሁሉ አርቲስቱ ሲወጣ አብሮ ይወጣል። በእንግሊዝ ከ2002 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. የተካሄደው «ክሪኤቲቭ ፓርትነርሺፕስ» የተባለ ትልቅ ፕሮግራም በተቸገሩ አካባቢዎች ያሉ ትምህርት ቤቶችን ከጥበብ ባለሙያዎች ጋር ሲያገናኝ መሠረቱ ይህ ነበር፤ ባለሙያውና መምህሩ አብረው ያቅዳሉ፣ አብረው ያስተምራሉ። የመንግሥት ገንዘቡ ሲቋረጥ ፕሮግራሙ ተዘግቷል፤ አብሮ የሠራ መምህር ጋር ግን ልምዱ ይቀራል።

እኛም ዛሬ የምንይዘው እጀታ አለ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «የክወናና ዕይታ ጥበባት» የሚባል ትምህርት ገብቷል። ብዙ ጊዜ የሚመደብበት መምህር ወይ ሙዚቃ ወይ ሥዕል የተማረ ነው፤ አንዳንዴም ክፍለ ጊዜ እንዲሞላለት የተሰጠው የሌላ ትምህርት መምህር ነው። እንዲህ ላለው መምህር ተጋባዥ አርቲስት እንግዳ ሳይሆን እገዛ ነው፤ በሩን የሚከፍትላችሁም እሱ ነው። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ከ1ኛ እስከ 4ኛው ሳምንት አርቲስቱ ይመራል፣ መምህሩ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብሎ ይሠራል። ከ5ኛ እስከ 8ኛው እኩል ይካፈላሉ። ከ9ኛው በኋላ መምህሩ ይመራል፣ አርቲስቱ ከኋላ ይቀመጣል። 13ኛው ሳምንት ላይ አርቲስቱ የለም፤ ክፍሉ ግን አለ።

የፈረቃውን ነገር አስቀድማችሁ ፍቱት። ጠዋት የሚማር ልጅ ከሰዓት ይሠራ ይሆናል፤ ከሰዓት የሚማረው ጠዋት ውኃ ይቀዳል። ክበብን ቅዳሜ ማድረግ ለዩኒት ሊደሩ ይመቻል፤ ገበያ ለሚውል ልጅ ግን ቅዳሜ የገቢ ቀን ነው። ልጆቹን ጠይቁ፤ በወላጆች ስብሰባ የተወሰነ ሰዓት ብዙ ጊዜ ለእነዚህ ልጆች አይሆንም።

ዓመትና ከዚያ በላይ

ትምህርቱን ጨርሶ የተወ ወጣት ሴሚስተር የሚባል ነገር የለውም። ለእሱ የሚያስፈልገው በየቀኑ የሚሄድበት ቤት ነው። ሰርከስ በአገራችን ይህን ሚና ለረጅም ጊዜ ተጫውቷል። በ2004 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ የተመሠረተው ፍካት ሰርከስ ወጣቶችን ከማሠልጠን አልፎ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ታመው የተኙ ልጆችን ያጫውታል። ይህ የመጨረሻው ነገር ብዙ ያስተማረኝ ነው። ሁልጊዜ ተረጂ የተባለ ወጣት አንድ ቀን ሰጪ ሆኖ ወደ ታመመ ሕፃን አልጋ ሲጠጋ ስለ ራሱ የሚያስበው ይለወጣል። ማንኛውንም ረጅም ፕሮግራም ስታቅዱ ወጣቶቹ ለሌላ ሰው የሚሰጡበትን ቦታ አካቱ።

ረጅሙ ግን ከባድ ነው። ፍራሽና ምንጣፍ ያስፈልጋል፣ የሚጎዳ ልጅ የሚታከምበት ገንዘብ ያስፈልጋል፣ ለሴት ልጆች የተለየ መጸዳጃና ልብስ መለወጫ ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ የቀን ገቢ ጥያቄ አለ። ሶፍትና ማስቲካ ሸጦ እናቱን የሚያግዝ ልጅ ሦስት ሰዓት እናንተ ጋር ሲቆይ እናቱ ትራባለች። «ጥበብ ለነፍስ ነው» ብሎ ይህን ማለፍ በደል ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. በአትላንታ አካባቢ የተጀመረ አንድ ፕሮግራም ልጆችን ከአርቲስቶች ጋር እያሠራ በሰዓት ይከፍላቸው ነበር፤ ሥራ ነው ብሎ እንደ ሥራ ያዘው። እኔ የማምነው እንዲህ ነው፦ ምሳና ትራንስፖርት ለሁሉም፣ ሳይደበቅና ሳይለምኑ ይሰጥ። ልጆቹ የሠሩት ነገር፣ የግድግዳ ሥዕልም ይሁን የሠርግ ጨዋታ፣ ገንዘብ ካስገኘ ድርሻቸው በእጃቸው ይግባ፤ ሒሳቡም በፊታቸው ይሠራ። እንዲያው ለመገኘት ብቻ ገንዘብ መስጠትን ግን አልወደውም፤ ገንዘቡ ያቆመ ቀን ልጁም ያቆማል።

የትኛው ጥበብ?

አሁን ወደዚያ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ልመለስ። ከበሮ ለጀማሪ ቡድን ጥሩ ነው፤ ማንም ሊመታው ይችላል፣ የማይታዘዝ ልጅም ምቱን ካልጠበቀ ራሱ ይሰማዋል። የችክችካን ስድስት ምት ግማሹ ክፍል በሦስት ሦስት፣ ሌላው በሁለት ሁለት እየቆረጠ ሲያጨበጭብ ግማሽና ሲሶ ምን እንደሆነ በጆሮ ይገባል። ክራር ቆንጆ ነው፤ ግን ለሃያ ልጅ ሦስት ክራር ይዞ መምጣት ጠብ መጥራት ነው። ለአምስት ወይም ለስድስት ልጅ የሚሆን ቡድን ካላችሁ ክራርና መሲንቆ ይሁን፤ አራቱን ቅኝቶች ለማወቅ የሚታገል ልጅ ትዕግሥት ይማራል። ሥዕል መናገር ለማይፈልግ ልጅ መሸሸጊያ ነው፤ አትጠይቁት፣ ተዉት ይሣል።

ቲያትር ላይ ጥንቃቄ አለኝ። በጎ አሳቢ ባለሙያዎች «የራሳችሁን ታሪክ ተውኑ» ይላሉ። አንዲት ልጅ ቤት ውስጥ የደረሰባትን በደል ጎረቤት በተሰበሰበበት አዳራሽ ስትተውን አስቡት፤ ማታ የምትመለሰው እዚያው ቤት ነው። ተረት አለን እኮ። ጅብና አህያ፣ ብልኋ የእንጀራ ልጅ፣ ንጉሡና ድኻው ገበሬ፤ ልጁ የልቡን በጅቡ አፍ ይናገር። የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ልጁም ተሸፍኖ ይቀራል።

ግጥምን ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለምወደው ነው፤ ወጪውም ጠመኔና ወረቀት ብቻ ነው። ስድስተኛ ክፍል ደርሰው ፊደል እየለዩ ቃል የማያነቡ ልጆች አሉ። «ሽ፣ ን፣ ኩ፣ ር፣ ት» እያሉ ይለቅማሉ፤ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ መጀመሪያው ጠፍቷቸዋል። አንድ ገጣሚ ደግሞ ወል ቤት ስለሚባለው የግጥም ምት ሲነግራቸው ልብ በሉ። ወል ቤት በስንኝ 12 ቀለም፣ ማለትም በአንድ ድምፅ የሚባል የቃል ቁራጭ፣ አለው፤ 6 ተብሎ ትንፋሽ ይወሰዳል፣ ደግሞ 6። ሰንጎ መገን የሚባለው ሌላው ምት 5 እና 5 ነው። ቀለም የሚቆጠረው በጭብጨባ ነው። እኔ ለማሳያ የማመጣት ይህችን የራሴን ነው፦

እናቴን ፈለግሁ በገበያ መሐል፤
ሽንኩርት ትሸጥ ነበር፤ ዛሬ ማን ይነግራል?

«እናቴን» አራት ፊደል ነው፤ ጭብጨባው ግን ሦስት፤ «ን» ተውጣለች። «ሽንኩርት» አምስት ፊደል ሆኖ ጭብጨባው ሁለት ብቻ ነው። ልጆቹ አያምኑም፤ ደጋግመው ያጨበጭባሉ፣ ይከራከራሉ። «ሽ»ም ሳድስ፣ «ን»ም ሳድስ፤ ታዲያ ለምን አንዷ ትሰማለች፣ አንዷ ትዋጣለች? ይህን ጥያቄ የጠየቀ ልጅ ማንበብ ጀምሯል ማለት ነው። ፊደል መልቀሙን ትቶ ቃሉን እንደሚነገረው በአንድ ትንፋሽ ማየት ይጀምራል። ከዚያ የራሱን ስንኝ ለመጻፍ ሲሞክር 6 አልሞላ ሲለው ቃል ይፈልጋል፤ ያውቀው የነበረውን ቃል ያመጣል፣ የማያውቀውን ጓደኛውን ይጠይቃል። እንዲህ ሲሠራ ያየሁት ልጅ «አትችልም» የተባለ ነበር። የገጣሚው ልመና፣ የአማርኛ መምህሩ ልመና፣ የኔም ልመና አንድ ነው፤ ግጥሙን በቀይ ብዕር አታርሙት። ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፣ የሳተውን ራሱ ይሰማዋል።

ማንን እንጥራ?

ከውጭ አገር የሚመጣ ባለሙያ አዲስ ነገር ያመጣል፤ ልጆቹም «ለኛ ብሎ ከሩቅ መጣ» ይላሉ። ቋንቋ ግን አለ። አስተርጓሚው ቀስ በቀስ እውነተኛው አስተማሪ ይሆናልና አስተርጓሚ ስትመርጡ እንደ አስተማሪ ምረጡ፤ ከእንግዳው በኋላ የሚቀረውም እሱ ነው። ለዳያስፖራ ወገኖቼ የማቀርበው ሐሳብ አለኝ፦ ለሁለት ሳምንት ብቻችሁን ከምትመጡ አንድ የአገር ቤት አርቲስት ለአንድ ሴሚስተር የሚከፈለውን ሸፍኑ፣ እናንተ ስትመጡ ከእሱ ጎን ቁሙ፣ ስትሄዱ እሱ ይቀጥላል። ልጆቹም «ሄደ» አይሉም፤ «የኛ ሰው ጓደኛ ነው፣ ይመለሳል» ይላሉ።

አገር ቤት ያለውን ባለሙያ የምናውቀውን ያህል አንፈልገውም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያሉት የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና የአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች አሏቸው፤ ብዙዎቹ ማስተማርን መሞከር ይፈልጋሉ። የወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት በሰፈሩ ማን ምን እንደሚችል ያውቃል። በደርግ ዘመን በቀበሌ ኪነት ውስጥ ያለፉ፣ ዛሬ ጸጉራቸው የሸበተ ሰዎች በየመንደሩ አሉ፤ ሃምሳ ልጅ አሰልፎ ማሠራት ያን ጊዜ ነው የተማሩት። አንድ ሰፈር ውስጥ እንዲህ ያሉ አንድ አባት ሳይጠሩ መጥተው ከተጠራው አርቲስት የበለጠ ልጆቹን ሲይዙ አይቻለሁ፤ «አባባ» እያሉ ይከተሏቸው ነበር። ከሁሉ የምመርጠው ግን ከራሱ ከፕሮግራሙ የወጣ ወጣት ነው። ለልጆቹ «እኔም እንደናንተ» ማለት አያስፈልገውም፤ ያውቁታል።

ክፍያና ጥበቃ

በነፃ የሚመጣን አርቲስት ተጠንቀቁ። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ጥር ይመጣል። ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ሠርግ በሠርግ ላይ ነው፤ ሙዚቀኛ የዓመት ቀለቡን የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው። የማይከፈለው ሰው ሠርግ ሲጠራው ይቀራል፤ ልጆቹም ደጃፍ ላይ ይቆማሉ። ትንሽም ቢሆን ክፈሉ፣ በጽሑፍ ተዋዋሉ፣ ቀኑንም በዚህ ልክ ምረጡ። ሁለተኛው ሴሚስተር የሚጀምረው የካቲት ላይ ነው፤ የሙዚቀኛው ሥራ የሚቀዘቅዝበት የ55 ቀን ጾምም ብዙ ጊዜ በዚያው ሰሞን ይገባል። ጾም ላይ ከበሮና ጭፈራ የማይፈልጉ ወላጆች ካሉ ደግሞ ያኔ ግጥም፣ ሥዕልና ተረት ይሁን፤ ከትንሣኤ በኋላ ከበሮው ይመለስ። ረመዳን ሲሆን የሰርከስ ልምምድን ቀንሱ፤ የጾመ ልጅ ከሰዓት በኋላ አይገለባበጥም።

ጥበቃን በተመለከተ ግን የምለሳለስበት ነገር የለም። ዝነኛም ይሁን የሰፈር ሰው፣ የውጭም ይሁን የአገር፣ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ያምጣ። ልጅና አርቲስት ብቻቸውን የሚሆኑበት የተዘጋ ክፍል አይኑር፤ ሁልጊዜ ሁለት አዋቂ። ለአንድ ልጅ ተለይቶ ስጦታ፣ ስልክ፣ ቤት መጋበዝ አይኑር። ፎቶ ከመነሳቱ በፊት ልጁም አሳዳጊውም ይጠየቁ፤ «ጎዳና ተዳዳሪ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ፎቶ ልጁ ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላውም ይከተለዋል። የሚያስቀይመው አርቲስት ካለ ይቀየም። እውነተኛው ባለሙያ «ጥሩ አድርጋችኋል» ይላል፤ እስካሁን ያጋጠመኝ እንዲህ ነው።

እንግዲህ ምረጡ

ምንም ገንዘብ ከሌላችሁና አንድ ሰው ብቻ ካገኛችሁ፣ ቃለ መጠይቅና የመልስ ጉብኝት ያለው የሁለት ቀን ዝግጅት አድርጉ። ለአሥራ ሁለት ጊዜ የሚሆን የትራንስፖርትና የአበል ገንዘብ ካለና ልጆቹ ትምህርት ቤት ውስጥ ካሉ ሴሚስተሩን ያዙ፤ መምህሩን ግን መጀመሪያ አሳምኑ፣ እምቢ ካለ ሌላ መምህር ፈልጉ። ክረምት ላይ ሰፊ አዳራሽና ምግብ ያለው ድርጅት ካገኛችሁ የክረምቱን ፕሮጀክት ሥሩ፣ መስከረሙ ከታሰረ ብቻ። ዓመቱን የምመክረው ቢያንስ ለሁለት ዓመት የተረጋገጠ ገንዘብ፣ የራሱ ቁልፍ ያለው ቤትና ሙሉ ጊዜውን የሚሰጥ አንድ አስተባባሪ ላለው ነው። ከእነዚህ ሦስቱ አንዱ ከጎደለ በሴሚስተሩ ጀምሩ።

ለመመዘንም ረጅም ቅጽ አያስፈልግም። አንድ ደብተር ያዙ። በእያንዳንዱ ቀን ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ የቀረው ለምን ቀረ ብላችሁ ጻፉ። አርቲስቱም በዚያው ደብተር ይፈርም፤ የእሱ መምጣትም እንደ ልጆቹ ይቆጠር። ደብተሩን ቢሮ አትቆልፉበት፤ ልጆቹ ሊያዩት በሚችሉበት መስኮት ላይ አስቀምጡት።